ከፈለኝ ያጠፋት ነጥብ

የቦንጋ ሰው ፊት ለፊት «ጋሽ ከፈለኝ» ይለዋል፤ ዞር ሲል ግን ስሙ «አገጭ» ነው። በስቱዲዮው በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው ቃል እሱ ስለሆነ ነው። «አገጭ ዝቅ። ትከሻ ቀጥ። ጆሮ እኩል።» የተቀመጠው የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ይሁን ከማንኪራ ማር ይዞ የመጣ ገበሬ፣ ለከፈለኝ ለውጥ የለውም። ሦስቱ በቦታቸው ከሆኑ ይጫናል፣ ሰውየውም ይሄዳል። በአገጭና በጆሮ መካከል ያለው ነገር፣ ፊት የሚባለው ማለት ነው፣ እግዜር የሠራው ስለሆነ ከፈለኝን አይመለከተውም። እንዲህ ሲሠራ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሆኖታል፤ ይኮራበታልም።

አባቱ መምህር ነበሩ። ከደብረ ብርሃን ለሁለት ዓመት ተመድበው መጥተው፣ ዝውውር እንደጠየቁ እዚሁ አርጅተው እዚሁ ተቀበሩ። ከፈለኝ የተወለደው ቦንጋ፣ ሙያ የተማረው ቦንጋ፣ የሚሞተውም፣ እሱ እንደሚለው «የግድ ከሆነ»፣ ቦንጋ ነው። መጀመሪያ የሠራበት ካሜራ ባለ ሦስት እግር የእንጨት ሳጥን ነበር፤ ጥቁር ጨርቁን ተከናንበው ሲያዩት ደንበኛው ሁሉ በኋላው መስታወት ላይ በአናቱ ተዘቅዝቆ ይታያል። ቀጥሎ ፊልም መጣ፤ በጨለማ ክፍል ውስጥ ሲያጥብና ሲያሰጣ ኖረ። የዛሬ ስምንት ዓመት ያገለገለ ዲጂታል ካሜራ ከጅማ ገዝቶ ሲመጣ፣ «ከእንግዲህ ማጠብ የሚባል ነገር የሚስቴ ነው» ብሎ ፎከረ።

ስቱዲዮው ከቡና መፈልፈያ ወፍጮ ፊት ለፊት ነው። ክረምት አገሩ ሁሉ ጭቃ ስለሆነ ችግር የለም። በጋ ላይ ግን ወፍጮው ሲነሳ የቡናው ገለባ በበሩም በመስኮቱም ሳይፈቀድለት ይገባል። ከፈለኝ ደግሞ ሰርግ ላይ ሌንስ የሚቀይረው በጭፈራው አቧራ መሀል ቆሞ፣ የካሜራውን አፍ ከፍቶ፣ ከሙሽራው አጎት ጋር እየተጨዋወተ ነው። እንዲህ ሲሆን ዓምና በጥር አንዲት ብናኝ ገባችና ከሌንሱ ኋላ ያለችው ሴንሰር ላይ አረፈች። ሴንሰር ማለት እንግዲህ ብርሃኑ የሚያርፍባት ትንሽ ጠፍጣፋ ነገር ናት፤ የዲጂታል ካሜራ ፊልም በሏት። ልዩነቱ፣ ፊልም ሲቆሽሽ ይጣላል፤ ሴንሰር ግን አንዲት ስለሆነች የያዘችውን ቆሻሻ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ፣ በዚያው ቦታ፣ ትደግመዋለች።

የከፈለኝ ደንበኞች አገጫቸው ሁሉ አንድ ቦታ ስለሚውል ነጥቧም በሁሉም ላይ አንድ ቦታ ዋለች፤ ከግራ ዓይን ሥር፣ ጉንጭ ላይ።

ሌላ ሰው ቢሆን «ካሜራዬ ቆሽሿል» ይል ነበር። ከፈለኝ ግን ካሜራውን ከመጠርጠር ከተማውን መጠርጠር ቀለለው። እትዬ ሰብሌ ፎቷቸውን አይተው «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ቢሉት፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ «ማርያም ስማዎት ነዋ» አላቸው።

«እኔን? መቼ?»

«እሱን ከእሷ ጋር ይነጋገሩ።»

ሴትዮዋ ያን ዕለት መስታወት ፊት ቆመው ዋሉ ይባላል። ያልተበገረው ከደሴ ተመድቦ የመጣው የፊዚክስ መምህር ሣህሌ ብቻ ነው። «ጋሽ፣ ይሄን ፊት በየቀኑ የምላጨው እኔ ነኝ» አለው። ከፈለኝም «እንግዲያው ደህና አድርገህ አትላጭም ማለት ነው» ብሎ አሰናበተው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

በሁለት ወር ውስጥ ማርያም የቦንጋን ሕዝብ ስማ ጨረሰች፤ ሙስሊሙንም ጴንጤውንም አልለየችም። ሐሜቱ ሲበረታ ጎረቤቱ ሰላሐዲን፣ ሞባይል ጠጋኙ፣ አዘነለትና ኮምፒውተሩ ላይ አንዲት ቁልፍ አዘጋጀለት። ቁልፏ ስትነካ ከግራ ዓይን ሥር ያለውን ነጥብ በአካባቢው ቆዳ ቀለም ትሸፍነዋለች። «ይሄ ለጊዜው ነው፤ ካሜራው መጽዳት አለበት» አለው ሰላሐዲን። በአገራችን ለጊዜው የተባለ ነገር ዕድሜው ረጅም ነው። ከፈለኝም ዓመቱን ሙሉ ፎቶ አንስቶ፣ ቁልፏን ነክቶ፣ ሲያትም ከረመ። ቁልፏ ከመጣች ወዲህ ስክሪኑን ማየትም ተወ።

ሚስቱ አልጋነሽ የዋጫ ልጅ ናት፤ መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ከአሥር ዓመት በፊት የጠፋ ደብዳቤ በየትኛው ፋይል፣ በስንተኛው ገጽ እንደተሸጎጠ ታውቃለች። አማርኛዋ የቢሮ አማርኛ ነው፣ ጥንቅቅ ያለ። ስትናደድ ግን ወደ ካፊኖኖ ትሻገራለች፤ ከፈለኝ በካፊኖኖ ገበያ መሸመት እንጂ ክርክር መመለስ እንደማይችል ታውቃለችና። እሷን ከግራ ዓይኗ ሥር ማርያም ስማታለች፤ የምሯን። ከፈለኝ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በየሰርጉ «እኔ እኮ ማርያም ቀድማኝ የሳመቻትን ነው ያገባሁት» እያለ ሰው ሲያስቅ የኖረው በዚህችው ነጥብ ነው።

ባለፈው ኅዳር አልጋነሽ የቀበሌ መታወቂያዋን ለማሳደስ ፎቶ ፈለገች። በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ባሏም እንደ ማንኛውም ደንበኛ «አገጭ ዝቅ» አላት። አነሳት፤ ቁልፏን ነካ፤ አራት ኮፒ አትሞ በፖስታ ሰጣት። በማግሥቱ ቀበሌ ስትሄድ ኸይሪያ የምትባለው የመታወቂያ ሠራተኛ ፎቶውን አየች፣ አልጋነሽን አየች፣ እንደገና ፎቶውን አየች።

«እትዬ አልጋነሽ፣ ይሄ የእህትዎ ነው መሰለኝ» አለቻት በትሕትና።

አልጋነሽ ፎቶዎቹን ተቀብላ ወጣች። ከፈለኝ ለምሳ ቤት ሲገባ አራቱ ፎቶዎች ትሪው ላይ፣ ከወጡ አጠገብ፣ በሰልፍ ተደርድረው ጠበቁት።

«ይቺ ማናት?» አለችው።

«አንቺ ነሻ።»

«ደህና አድርገህ እይ።»

ከፈለኝ አንዱን አንስቶ አየ። «አገጭሽ ልክ ነው» አላት።

እዚህ ላይ ቢያቆም ምናልባት ይተርፍ ነበር። ግን አላቆመም። «ጆሮሽም እኩል ነው» ብሎ ጨመረ።

አልጋነሽ ጣቷን ከግራ ዓይኗ ሥር አሳረፈች፤ ያንኑ ጣት አንስታ ፎቶው ላይ አሳረፈች። ያኔ ገባው። ቁልፏ የካሜራን ቆሻሻና የማርያምን ሥራ አትለይም፤ ለመለየት የተቀመጠው እሱ ነበር። «መብራቱ ነው» አለ። ቀጥሎ «ቁልፏ ናት» አለ። በመጨረሻም «ሰላሐዲን ነው» አለ። አልጋነሽ ሦስቱንም በትዕግሥት ሰማች።

«ስታጠፋኝ አላየህም። እሺ፣ ሥራ በዝቶብህ ነው። አጥፍተኸኝ ስታበቃም አላየህም። እኔን የገረመኝ ይሄኛው ነው» አለችው። ከዚያ ወደ ካፊኖኖ ተሻገረች። ንግግሯ ረጅም ነበር፤ ከፈለኝ ከለያቸው ጥቂት ቃላት አንዱ «አህያ» ነው።

በማግሥቱ የዓመት ፈቃድ ፎርም ሞላች፤ አሥራ አምስት ቀን። ሻንጣዋን ይዛ ዋጫ፣ እህቷ ቀጸላ ቤት ሄደች። በሩ ላይ ቆማ የነገረችው አጭር ነው።

«ካሜራህን አጽዳ። ቁልፍህን ተውና እንዳለሁ አንስተኝ። ፈቃዴ እስኪያልቅ ካልመጣህ እዚያው ወረዳ ዝውውር እጠይቃለሁ።»

ሌላ ሴት ብትሆን ፍቺ ትል ነበር። አልጋነሽ የመዝገብ ቤት ሰው ናትና ዝውውር አለች። ከፈለኝም ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ገባው፤ አባቱ ዕድሜ ልካቸውን ለምነው ያላገኙትን ዝውውር አልጋነሽ በሳምንት ታገኘዋለች፤ ፋይሉ ያለው እሷ ዘንድ ነው።

በወጉ መሠረት ሽማግሌ ላከ። አቶ ወልደሥላሴ ሁለት ሰው አስከትለው ዋጫ ሄዱ፤ በሉ፣ ጠጡ፣ ተመለሱ።

«ምን አለች?» አላቸው።

«ካሜራ አልኩ እንጂ ሽማግሌ አልኩ እንዴ አለችን» አሉት። ቀጥለውም ጉሮሯቸውን ጠራርገው «እኛም ብንሆን ዓምና መታወቂያችን ላይ ስላወጣህብን ነገር ልናነጋግርህ ስንል ነው የቆየነው» አሉት።

ከፈለኝ ፈርቶ ነበር። ካሜራው አንድ ነው፤ ያቺ ሴንሰር ከተጫረች ሌላ የሚገዛበት አቅም የለውም፤ ሠላሳ ዓመት የተከፈተ ስቱዲዮ ይዘጋል። ካላጸዳት ደግሞ አልጋነሽ የለችም። ሳምንት ሙሉ ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሲያየው ሰነበተ። ቤቱ ጭር አለበት፤ የሚከራከረው ሰው ቢያጣ ከሬዲዮው ጋር መከራከር ጀመረ፤ ሬዲዮው ደግሞ መልስ አይመልስም። ናፈቀችው። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ግን ናፈቀችው።

በሁለተኛው እሑድ ወፍጮው ተዘግቶ ሲውል፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቆረጠ። መስኮቶቹን ዘጋ፣ ወለሉን ውኃ ረጨ፣ እጁን እስከ ክርኑ በሳሙና ታጠበ። ሌንሱን ፈታ። ካሜራው ራሱ ለጽዳት የሚባል ትእዛዝ አለው፤ እሱን ሲነካው ከፊት ያለችው መስታወት ብድግ አለችና ከኋላዋ ሴንሰሯ ታየች፤ ሲወዘውዛት ቀስተ ደመና የምታወጣ፣ ከደብዳቤ ቴምብር ብዙም የማትበልጥ። ይቺ ናት እንግዲህ ቤቴን የበተነችው ብሎ አሰበ።

ጎንበስ አለና እንደ ከሰል እፍ አላት።

ሌንሱን መልሶ ነጩን ግድግዳ ፎቶ አነሳ። አንድ የነበረችው ነጥብ አራት ሆናለች፤ ሦስቱ የገዛ ምራቁ ናቸው። ከፈለኝ ተሳደበ። ወጣና ከፋርማሲ የሕፃን አፍንጫ መምጠጫ የጎማ ፊኛ ገዝቶ መጣ፤ አየር እንዲነፋለት ነው። ፊኛው አዲስ ስለሆነ ውስጡ እንዳይጣበቅ ዱቄት ተነስንሶበታል፤ ይህን ግን ከፈለኝ ያወቀው ሦስት ጊዜ ከጨመቀው በኋላ ነው። አሁን ግድግዳውን ሲያነሳ ፎቶው ላይ በረዶ ዘነበ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ።

ፎጣ ለብሶ ለቅሶ እንደሚሄድ ሰው አንገቱን ደፍቶ ሰላሐዲን ቤት ሄደ።

«ካሜራዬ…» አለ።

«ካሜራህ ምን?»

«ካሜራዬ ቆሽሿል።»

«አልሰማሁህም።»

«ቆሽሿል አልኩህ።»

ሰላሐዲን ሚስቱን ጠራት። «ነይማ ስሚ፤ ጋሽ ከፈለኝ አንዴ ይድገሙልሽ» አለ። አስደገመው። ከዚያ ግን ዕቃውን ይዞ ተነሳ፤ ክፉ ሰው አይደለም።

ያመጣው ለስልክ የሚጠቀምበትን የራሱን መንፊያ፣ ንጹሕ አልኮል፣ ብናኝ የማይለቅ ስስ ጨርቅና በመቀስ በቀጭኑ የተቆረጠ የፕላስቲክ ካርድ ነበር። መጀመሪያ የጠየቀው ባትሪውን ነው። «ግማሽ ነው» አለ ከፈለኝ። «ግማሽማ አይሆንም። መሀል ላይ ካለቀ መስታወቷ እጃችን ላይ ትዘጋና ትሰበራለች።» ቻርጅ እንዳያደርጉት መብራት ሄዷል። ሁለት ሰዓት ተኩል ተቀምጠው መብራት ጠበቁ፤ ሰላሐዲን ያን ሁሉ ጊዜ «ማርያም ስማዎት ነዋ» እያለ በከፈለኝ ድምፅ ሲያሾፍ ከፈለኝ ዋጠው።

መብራት መጣ፤ ባትሪው ሞላ። ካሜራውን በአፉ ደፍተው ከሥር ነፉት፤ ዱቄቱ ረገፈ። ጨርቁን ካርዷ ላይ ጠቅልለው ጫፏን በአልኮል አርሰው ወደ ውስጥ የሚያስገባው ማን ይሁን በሚለው ተያዩ። «ያንተ ናት» አለ ሰላሐዲን። ከፈለኝ ትንፋሹን ያዘ። ከዳር እስከ ዳር፣ በአንድ አቅጣጫ፣ ሳይጫን አንዴ ሳባት። ነጥቧ ከላይ በኩል ስለምትታይ የጠረገው የላይኛውን ክፍል ነው። ግድግዳውን ሲያነሱ ምራቁ ጠፍቷል፤ ያቺ የጥንቷ ነጥብ ግን አልተነቃነቀችም። ደገመ። አልተነቃነቀችም። ሰላሐዲን «እንግዲህ ተጣብቃለች፤ ከነካካናት መጫሯ ነው» አለ።

ከፈለኝ ካሜራውን አገላብጦ አየ። ከዚያ ያ የእንጨት ሳጥን ትዝ አለው፤ እነዚያ በአናታቸው የቆሙ ደንበኞች። «ተዘቅዝቃ ናት» አለ። «ምስሉ ውስጥ የሚያርፈው ተዘቅዝቆ ነው። ላይ የምናያት ታች ናት።» ሰላሐዲን አፉን ያዘ። ጨርቁን ቀየሩ፤ ከፈለኝ የታችኛውን ክፍል አንዴ፣ በቀስታ፣ ጠረገ።

ግድግዳው ነጭ ሆኖ ወጣ። ነጭ ብቻ። ከፈለኝ ያን ባዶ ግድግዳ፣ ፎቶ ካነሳው ሰው ሁሉ አስበልጦ፣ ብዙ ሰዓት አየው።

በማግሥቱ ካሜራውን በሁለት ፌስታል ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አቅፎ በሚኒባስ ዋጫ ገባ። የአልጋነሽ ፈቃድ ሊያልቅ አራት ቀን ይቀረው ነበር። ቀጸላ በፈገግታ ተቀበለችው፤ ነገር ግን ከሁሉ በፊት ቤተሰቡን በሙሉ ከአቮካዶው ሥር አሰልፋ «እኛን አስቀድመን» አለች። ለዚያ የሚሆነው ሰፊው ሌንስ ነው። ከፈለኝ ግቢው መሀል ቆሞ፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣው ቡና አጠገቡ እየተገላበጠ፣ እንደ ልማዱ እያወራ ሌንሱን ቀየረ፤ ሲጨርስም መልሶ ቀየረው።

አልጋነሽ በረንዳው ላይ ነጭ አንሶላ ተሰቅሎላት ወንበር ላይ ተቀመጠች። የዕለት ልብሷን ነው የለበሰችው። ሰላምታዋ እንደ ቢሮ ሰላምታ ነበር።

«አገ…» ብሎ ጀመረና ዋጠው። ተጫነ።

ፎቶውን በካሜራው ስክሪን አጉልቶ አየ። ከግራ ዓይኗ ሥር፣ እዚያው ድሮ ቦታዋ፣ ነጥቧ አለች። ልቡ ረጋ። ወደ ታች ወረድ ሲል ግን በቀኝ በኩል፣ ከጆሮዋ ዝቅ ብሎ መንጋጋዋ ጫፍ ላይ፣ ሌላ ነጥብ አየ።

ደሙ ፈላ። የዋጫን መንገድ ረገመ፣ ቡናውን ረገመ፣ ቀጸላንና ቤተሰቧን በሆዱ ረገመ። ሌንሱን ፈታ፤ ካሜራውን ደፍቶ በሰላሐዲን መንፊያ ነፋው። አነሳት። ነጥቡ አለ። ካርዷን አውጥቶ ጨርቅ ጠቀለለ፣ በአልኮል አራሰ፤ አሁን እንኳ ዘቅዝቆ ማሰብ አልረሳም፤ ጠረገ። አነሳት። አለ። ቀጸላ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትስቃለች። አልጋነሽ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ የኃላፊ ፊርማ እንደሚጠብቅ ሰው ተቀምጣለች። ለሦስተኛ ጊዜ ሌንሱን ሲፈታ ጠራችው።

«ከፈለኝ።»

«ቆይ አንድ ጊዜ፣ ይቺን ላውጣት።»

«አትወጣም።»

«ትወጣለች፤ ትናንት ከእሷ የባሰችውን አውጥቻለሁ።»

«የኔ ናት» አለችው።

ከፈለኝ ከካሜራው ቀና አለ። አልጋነሽ ጣቷን ከቀኝ ጆሮዋ ዝቅ አድርጋ አሳርፋለች። ጣቷን ስታነሳ እዚያ ነበረች፤ ምስር የምታህል፣ ቡናማ ነጥብ።

«መቼ ወጣች?»

«ስድስት ዓመቷ ነው። ያጠፋኸኝ ፎቶ ላይም አለች፤ ቁልፍህ እዚያ ስለማትደርስ ተርፋለች።»

ከፈለኝ መልስ የማያጣ ሰው ነው። አሁን ግን መብራቱንም፣ ቁልፏንም፣ ሰላሐዲንንም አልጠራም። ስድስት ዓመት ሙሉ ከዚህች ሴት ጋር በአንድ ትሪ በልቷል፤ በቀኟ በኩል ነበር የሚቀመጠው። አፈረ፤ ከልቡ አፈረ።

«አላየሁም» አለ።

«አውቃለሁ። አሁን ያን ነገር አስቀምጠውና ና።»

ካሜራውን ቡናው የተሰጣበት አልጋ ጫፍ ላይ፣ ክዳን ሳይገጥምለት፣ አፉን እንደከፈተ አስቀመጠው። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ፣ ጉልበታቸው እስኪነካካ ድረስ ቀርቦ ተቀመጠ።

«እንግዲህ እይ» አለችና ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዞረችለት።